ለውጭ ግድግዳ

የቤታችን የሊጥ ባልዲ ላይ በሰማያዊ ፊደል «ለውጭ ግድግዳ» ተብሎ ተጽፎበታል። ዝቅ ብሎ ደግሞ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል «ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» ይላል። ከዚህ ባልዲ በወጣ ሊጥ ሁለት ሕፃናት አሳድገናል።

ባልዲው የመጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣልን ጊዜ ነው። ቀለም ቀቢው «መታጠቢያ ቤት እርጥበት ስለሚበዛበት የውጩ ቀለም ይሻለዋል» ብሎ አስገዛን። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ብሩሹን ይዞ ሄደ፤ ባልዲውን ግን ባለቤቴ አልሰጥም አለች። ሃያ ሊትር ይይዛል፤ ክዳኑ ሲገጥም «ቋ» ይላል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ዝም ብሎ አይጣልም። በኦሞና በአሸዋ ሦስት ቀን ፈተገችው፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታችው፤ አሸተተችው፤ እናቴንም አስሸተተቻት፤ ከዚያ በኋላ ለሊጥ ተሾመ። ጎረቤት ለድግስ ሲዋሰው እንዳይለወጥ ቂጡ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ሦስት ነጥብ አደረገችበት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጽሑፉን አላየሁትም ብል ውሸት ነው። አይቼዋለሁ። የተጻፈው ለግድግዳ እንጂ ለእኔ አልመስል ብሎኝ ነው።

ሰላማችንን ያደፈረሰችው ሴት ልጃችን ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ ማጥናት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። አንደኛ ዓመት እያለች ቤት ስትመጣ ዝም ብላ ትበላ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ጨው አቀብይን ስንላት ፈገግ ማለት ጀመረች። ዘንድሮ ለዕረፍት የመጣች ዕለት ባለቤቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ለእህቷ የምትልከውን አምስት እንጀራ ከሰፌዱ ላይ አንስታ በትኩሱ አጠፈችና ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ሁላችንም ሺህ ጊዜ ያየነው ነገር ነው። ልጅቷ ግን ጎንበስ ብላ ታየው ገባች፤ እኔም አብሬያት አየሁ። ፌስታሉ መጀመሪያ ጭጋግ ለበሰ። ቀጥሎ አላበው፤ ላቡም ጠብታ ሆኖ እየተንኳለለ ወደ እንጀራው ተመለሰ። በመጨረሻ ፌስታሉ ራሱ ለሰለሰና እንጀራው ላይ ልጥፍ አለ። በጣቷ ስትልጠው የእንጀራው ዓይን አንድ በአንድ ታትሞበታል።

«ማሚ፣ ፌስታሉ እኮ እንጀራው ውስጥ እየገባ ነው» አለች።

«እንጀራው ነው ፌስታሉ ውስጥ የገባው» አለች ባለቤቴ፣ ቀጣዩን እያሰፋች።

ቡናው እስኪፈላ ድረስ ልጄ አስረዳችን። ፕላስቲክ ማለት እንደ መቁጠሪያ ክር የረዘመ ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ራሱ ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም። ጣጣው መሃል መሃሉ የተወሸቁት ናቸው። እንዲለሰልስ ተብሎ የሚጨመር አለ፤ ፀሐይ እንዳያደርቀው የሚጨመር አለ፤ ቀለም አለ፤ ፋብሪካው ላይ ሳይያያዝ የቀረ ፍርፋሪም አለ። እነዚህ ከሰንሰለቱ ጋር አልታሰሩም፤ ደባል ናቸው። ደባል ደግሞ የተሻለ ቤት ሲያገኝ ይለቃል። «እንዲለቁ የሚያደርጋቸው በተለይ አራት ነገር ነው» አለችና ጣቷን ቆጠረች። «ሙቀት፣ ቅባት፣ ኮምጣጣ፣ አብሮ ብዙ መቆየት።»

እናቴ ከሶፋው ጥግ ቀና አለች። «ይኼማ ዶሮ ወጥ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። የአራቱን ነገር ዝርዝር የጻፈው ሰው የእኛን ገበታ አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። ሽሮው እየተንተከተከ ይቀርባል፤ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል፤ እንጀራው ኮምጣጣ ነው፤ የፋሲካ ወጥ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይከርማል። ካሮትና ቀዝቃዛ ዳቦ በልቶ የሚያድር ሕዝብ ብንሆን ፕላስቲክ በምን መግቢያ ያገኘን ነበር? የፈላ ሽሮ በስስ ፌስታል ቋጥሮ፣ አፉን ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ፣ በጠዋት ወደ ሥራ የሚሮጥ ሰው በየታክሲው አለ፤ እኔ ራሴ አንዱ ነበርኩ። ሩዝ ስትቀቅል ድስቱ አፍ ላይ ፌስታል አንጥፋ በላዩ ክዳኑን የምትጭን ጎረቤትም አለችን። እንፋሎቱን ስለሚይዝላት ቶሎ ይበስላል። ምን ምኑ እንደሚበስል እስከዚያ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«ሊጡስ ስንት ቀን ነው የሚቆየው?» አለች ልጄ።

ሦስት ቀን እንደሚቆይ እሷም ታውቃለች። ማንም አልመለሰላትም። ሁላችንም ዞር ብለን ባልዲውን አየነው። ተነስታ ሄደችና የተጻፈበትን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ፣ መልእክት እንደሚያነብ ዲያቆን አነበበችልን።

ባለቤቴ ተቀየመች። አክንባሎውን ምጣዱ ላይ ደፋችና «አሥራ አንድ ዓመት ከእሱ አብልቼሻለሁ» አለች። «የጎደለሽ ነገር ካለ ቁጠሪው።» ልጅቷ ዝም አለች። ምንም አልጎደላትም፤ እንዲያውም ክፍሏን የምትመራ ናት።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ቂጡን እየገለበጥን ማየት ጀመርን። ፕላስቲክ ከሥሩ በሦስት ቀስት የተከበበ ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥሩን እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት የአሜሪካ ፕላስቲክ ሠሪዎች ናቸው፤ ከ1 እስከ 7 ይሄዳል። እናቴ ደረጃ መስሏት «አንደኛ የወጣው የትኛው ነው?» አለች። ሃይላንድ ነው። (ሃይላንድ የሚባለው ውሃ ራሱ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ስሙን ግን ባዶ ጠርሙስ ሁሉ ወርሶት ቀርቷል፤ አረቄም ይያዝበት ላምባ ሃይላንድ ነው።) ቢጫው ጀሪካን 2 ሆነ። የምሳ ዕቃው 5 ሆነ። ከምግብ ቤት ጥብስ የመጣበት ነጩ ፎም 6 ነው። 7 ማለት «ሌሎች» ነው፤ ቀበሌ ፎርም ላይ «ሌላ ካለ ይጠቀስ» እንደሚባለው። ቢሮ ውስጥ ማሽን ላይ ተዘቅዝቆ የሚቀመጠው ድርቅ ያለው ትልቁ የውሃ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው የሚመደበው።

ቁጥሩ ግን ዕቃው ከምን እንደተሠራ መልሶ ለሚያቀልጠው ሰው ይናገራል እንጂ «ብሉበት» ወይም «አትብሉበት» አይልም። ከመርካቶ የመጡት ሳፋዎቻችን ደግሞ ጭራሽ ቁጥር የላቸውም። «እኛስ ስንወለድ ማን ቁጥር ጻፈብን?» ስትል እናቴ ተሟገተችላቸው።

በዚህ ቆጠራ መሃል ከኬሚስትሪ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ታወቀ። ሰማያዊውን ሳፋ አንስቼ «ይኼስ ከየት የመጣ ነው?» አልኩ። ባለቤቴ «ከልዋጭ» አለች። «በምን?» ብዬ ስጠይቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። የሠርጌ ሱሪ ኖሯል። አረንጓዴው ባልዲ ካፖርቴ ነው። ክዳን ያላቸው ሦስቱ ዕቃዎች፣ ትልቅ መካከለኛና ትንሽ፣ «ደረቀብኝ» ብዬ ያስቀመጥኩት ግራጫ ሱፍ ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ናቸው። ለዓመታት ጠፋብኝ ያልኩት ቁም ሣጥን ወደ ኩሽና ተዛውሮ ኖሯል።

«ዋናው 7 ላይ ነው» ብላ ልጄ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። «እዚያ ውስጥ ቢስፌኖል ኤ የሚባል አለ።»

«ስሙም ቢስ!» አለች እናቴ። አማተበችና «ቢስ አይይሽ፣ ልጄ» ብላ የልጅቷን ራስ ዳበሰቻት።

የዚህን የቢስ ታሪክ ስሰማ የማውቃቸው ብዙ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1891 ዲያኒን የሚባል ሩሲያዊ ኬሚስት ሠራው፤ ከዚያ ለአርባ ዓመት ያህል ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። በ1930ዎቹ ለንደን ውስጥ ቻርልስ ዶድስ የተባለ ተመራማሪ የሴት ሆርሞንን የሚተካ ነገር ሲፈልግ ፈተነው። ሆርሞኑን ይመስላል፤ ግን ደካማ ነው። ብዙ እጥፍ የሚበረታ ሌላ ተገኘና ቢስፌኖል ፈተናውን ወደቀ። ወድቆ ግን አልቀረም፤ በ1950ዎቹ ሌላ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። እንደ መስተዋት የጠራ፣ ቢወድቅ የማይሰበር ፕላስቲክ ይሠሩበት ጀመር። የጡጦ ጠርሙስ ሆነ፤ የቆርቆሮ ምግብ የውስጥ ሽፋን ውስጥም ገባ። ሲቀጠር የግል ማኅደሩን ገልጦ «አንተ ሰውዬ፣ ቀድሞ ሆርሞን ልትሆን አልነበረም እንዴ?» ያለው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ነገሩ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ በአይጥ ተገለጠ። ፓትሪሺያ ሃንት የምትባል ተመራማሪ የአይጥ እንቁላል ታጠናለች፤ ጤነኞቹ አይጦች ሳይታሰብ ክሮሞዞሙ የተዛባ እንቁላል ያሳዩዋት ጀመር። ምን ነካቸው ተብሎ ሲመረመር፣ ለካ የአይጦቹን የፕላስቲክ ቤትና የውሃ ጠርሙስ አንድ ሠራተኛ በማይገባው ኃይለኛ ሳሙና አጥቦት ኖሯል። ፕላስቲኩ ተጎድቶ ቢስፌኖሉን ለቀቀው። ልጄ ይህን ስታወራ ባለቤቴ ጆጉን በሽቦና በበረኪና እየፈተገች ነበር። እጇ ቆመ። ጆጉን ወደ ብርሃን አነሳችው፤ ውስጡ በጭረት ብዛት ጉም መስሏል። ምንም ሳትናገር አለቅልቃ ከሌሎቹ ለይታ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2011፣ አሜሪካም በ2012 ከጡጦ ጠርሙስ አስወጡት። በ2023 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን «ሰው በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም» ይለው የነበረውን መጠን 20,000 ጊዜ አሳነሰው። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ግን በምግብ ዕቃ ላይ በተፈቀደው መጠን አይጎዳም በማለቱ ጸና። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ይህን ያህል በተራራቁበት ነገር እኔ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ምን ልፍረድ? ልቤ ወደ አውሮፓው ያደላል። ሳይንሱን ከአሜሪካው ለይቼ አውቄ አይደለም፤ ጠንቃቃው ሽማግሌ ቢሳሳት የሚያከስረን ጆግ ብቻ ስለሆነ ነው። በፌስታል ሽሮ በላሁ ብሎ ያን ዕለት የወደቀ ሰው የለም፤ ነገሩ የአይጥ መርዝ አይደለም። ሆርሞን ግን በጥቂቱ ነው የሚሠራው፤ ገና በማደግ ላይ ላለ ሕፃን ደግሞ ጥቂቱ ጥቂት አይደለም። ልጄም ያለችው ይህንኑ ነው። ያለችው ግን ከራሷ ሮዝ የውሃ ጠርሙስ እየጠጣች ነው፤ ጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ «ቢ.ፒ.ኤ. የለውም» ተብሎ ተጽፏል፤ ቢ.ፒ.ኤ. ያው ቢስፌኖል ኤ ማለት ነው።

«በቦታው ምን ገባ ታዲያ?» አልኳት።

«ብዙ ጊዜ ቢ.ፒ.ኤስ. ነው የሚገባው።» ትንሽ ዝም አለችና፣ «እሱም ቢስፌኖል ነው» አለች።

«ዘበኛው ሰረቀ ብለን አባርረን ወንድሙን ቀጠርን በይኛ!»

ልጄ እንደ መሳቅ አለችና ሌላ ጉድ አመጣች። እ.ኤ.አ. በ2024 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ በአማካይ 240,000 ያህል የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝተዋል፤ አብዛኛው በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ነው። እናቴ ይህን አላመነችም። «ማን ቆጠረው?» አለች። በሌዘር ብርሃን እንደሚለይ ተነገራት። «እኔ ስድሳ ዓመት ጤፍ ስነፋ አንድ ቀን ቆጥሬ አላውቅም። ሥራ የፈቱ ሰዎች ናቸው» ብላ ቡናዋን ጨለጠች።

እኔ ግን ልቤ ሸፍቷል። ተነሳሁና ንግግር አደረግሁ። ድሮ እኮ ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣው፤ ወተት በወይራ በታጠነ ቅል ነበር፤ ውሃው በእንስራ ሲያድር አፈር አፈር እያለ አንጀት ያርስ ነበር፤ ሊጥ በቡሃቃ ይቦካ ነበር። ይህ ሁሉ የት ሄደ? ማን ነጠቀን? ድምፄ ራሴን ደስ እስኪለኝ ድረስ ከፍ አለ።

እናቴ አንዲት ቃል ሳታቋርጥ አዳመጠችኝ። ከዚያ «እንስራ ተሸክመህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ባዶውን ብቻ ሲያነሱት ይከብዳል። ውሃ ሞልቶ ገመዱ ደረት ላይ ሲታሰር ትንፋሽ ያሳጥራል። ምንጩ ቁልቁል ነው፤ ስንመለስ ዳገት ነው። አንድ ቀን ጭቃው አዳለጠኝና ሰበርኩት፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስባሪውን ለቅሜ በቀሚሴ ይዤ ሄድኩ፤ ምን እንደሚሠራልኝ እንጃ። እናቴ ያን ማታ ያደረገችኝን ለአንተ አልነግርህም፤ አያትህ ናት።» ዝም አለች። «ጀሪካን የመጣ ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ ይዛው ስትወርድ እዚያው ቦታ ላይ ወደቀባት። ነጠረ፣ ተንከባለለ፣ ታች ሄዶ ቆመ። ሄዳ አነሳችው። በቃ። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ! አንተ የምትናፍቀው ስላልተሸከምከው ነው።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ንግግር ያደረገ ወንድ ግን ንግግሩን አይመልስም፤ በዚያው ሳምንት ቁራሌ ጠራሁ።

መጀመሪያ በሕግ ልረታቸው ሞክሬ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል እንዳይመረት ከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ አዋጅ ወጥቶ ፌስታልን ከነአካቴው አገደ፤ ይዞ የተገኘ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ባለቤቴ «የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ነው። ስለ መንገድና ስለ ቦይ እንጂ ስለ ሆድ አይናገርም። እናቴ በዚህ ሁሉ መሃል ድምፅዋን አጥፍታ ወደ ክፍሏ ገባች። ከአልጋዋ ሥር ፌስታል የታጨቀበት ፌስታል አላት፤ እያንዳንዱ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ እንደ ሳምቡሳ ተደርድሯል። በአዋጁ ተራ በተራ ብትጠየቅበት ቅጣቷ ከኮንዶሚኒየሙ ይበልጣል። ያን ዕለት ሥፍራ አስለወጠችው፤ እስከ ዛሬም የት እንዳለ አላውቅም።

ቁራሌው ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው። የደረደርኩለትን አይቶ «ጋሼ፣ ከአገር ሊወጡ ነው እንዴ?» አለኝ። ለጤና ነው አልኩት። «ይማርዎት» አለ። ሳፋዎቹንና ጀሪካኖቹን በጅምላ 180 ብር ገመታቸው። የሊጡን ባልዲ ለብቻው አነሳው፤ ገለበጠው፤ በጣቱ መሃል አንኳኳው፤ ክዳኑን ገጥሞ «ቋ» ሲል አዳመጠ። ከዚያ ፊቱን አጨማደደ። «ይኼ የቀለም ነው ጋሼ። ሰው አይፈልገውም። ሠላሳ ብር ይበቃዋል።» ሰጠሁት። ባለቤቴ በረንዳው ላይ እጇን አጣምራ ቁልቁል ታይ ነበር። ልጁ ባልዲውን ከማዳበሪያው አናት ላይ አሥሮ እስኪወጣ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም፤ እኔን ግን አላየችኝም።

ቡሃቃ ፍለጋ ቀጨኔ ሄድኩ። እዚያ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ይህች ከተማ ለስንት ዘመን ጀበናቸውን እየገዛች እነሱን ቡዳ ስትል ኖራ፣ አሁን ጤና ልግዛ ብዬ ደጃቸው ቆምኩ። ሸክላ ሠሪዋ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። የፈለግሁትን ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ለአበባ ነው ለሊጥ?» አለች። ለሊጥ ነው ስላት ሳቀች፤ ትልልቁን የሚወስዱት ሆቴሎች ናቸው፣ አበባ ሊተክሉበት። እንዳይሰበርብኝ ብላ ጥሩ አድርጋ ጠቀለለችልኝ። የጠቀለለችበት ማዳበሪያ ነው፤ እሱም ፕላስቲክ መሆኑን የነገረችኝ ማታ ልጄ ናት። በሚኒባሱ ጭኔ ላይ ታቅፌው ስመጣ ረዳቱ የሁለት ሰው አስከፈለኝ። ደረጃውን አራት ፎቅ ስወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ እያለከለክሁ፣ የእናቴን ዳገት አስታወስኩ። የእኔ ቡሃቃ ባዶ ነበር።

እናቴ ለማሟሸት አራት ቀን ፈጀች፤ ያለእሷ የሚያውቀውም የለም። ቡሃቃው ቆንጆ ነው፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ይነካዋል። ሊጡ ግን አኮረፈ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ልክ እንደ ካርቶን ልሙጥ ነው። ባለቤቴ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ፦ «እርሾው የሚኖረው ባልዲው ጭረት ውስጥ ነበር።» ልጄ ጭረቱ ነው ደባሎቹን ይበልጥ የሚያስወጣው ብላ እንደነበር ላስታውሳት ፈልጌ ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት እንጀራው ዓይን አወጣ፤ እውነቱን ለመናገር ጣዕሙም ካለፈው ይሻላል። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ ክዳን የለውም። ባለቤቴ አቧራ እንዳይገባበት አፉ ላይ ፌስታል ወጥራ በላስቲክ አሠረችው። ሊጡ ሲነፋ ፌስታሉን ይነካዋል። አየሁ፤ ዝም አልኩ።

የሚካኤል ዕለት እናቴን ደግፌ ወደ ምድር ቤት ወረድን፤ የማኅበሩ ተራ የጎረቤታችን ነበር። ጸሎቱ ተደርሶ ድፎው ተቆረሰ። ጠላው ከወደ ጥግ ይቀዳል፤ ጠላ ቀጂዋ ልጅ ወደ ኋላ ስትሸሽ ከጀርባዋ ሰማያዊ ፊደል ብቅ አለ። «ለውጭ ግድግዳ» ይላል። ልጅቷ ዝቃጩን ልታጠል ዘንበል ስታደርገው ቂጡ ላይ ሦስት ቀይ ነጥብ አየሁ። የያዝኩት ድፎ እጄ ላይ ቀረ።

«ባልዲው ደህና ነው እትዬ» አልኩ፣ እንደ ዋዛ።

«ምን ደህና ብቻ! ከቁራሌው ነው የወሰድኩት፣ በ250 ብር። አልቀንስም ብሎኝ ነው እንጂ ቀንሶ ቢሆን ሌላም እወስድ ነበር። ምኑ ዕብድ እንደሸጠው እንጃ! ውስጡ እኮ እርሾ እርሾ ይላል፤ በደንብ የተያዘ፣ የባለሙያ ሴት ዕቃ ነው። ጠላው እንዴት ቶሎ እንደደረሰልኝ ብታይ። በል እንጂ፣ ጠጣ!»

ጠላ ኮምጣጣ ነው። ሳምንት ተቀምጧል። አልኮል ላይ ልጄ ምን እንዳለች ላስታውስ ሞከርኩ፤ ጎረቤቴ ግን ቆማ ታየኛለች። ጠጣሁ። ጌሾው ልክ ነው፤ አሻሮው በደንብ ተቆልቷል፤ ጥሩ ጠላ ነው። እናቴም ቀምሳ ከንፈሯን ገጠመች፤ ባልዲውን አየች፤ ነጥቦቹን አየች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለች።

«ስንት ነበር የሸጥከው?»

«ሠላሳ።»

ብርጭቆዋን አጋመሰችና ወደ ቀጂዋ ዘረጋችው። «ሙዪልኝ የኔ ልጅ» አለች። ለእኔ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የ220 ብር ሳንጠጣ አንነሳም» አለችኝ።